ክትባት የሚጀምረው ከሞተች ዶሮ ነው



ፈንግልን ለዚህ ጉባኤ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። ክረምቱ ሊገባ ሲል አንድ ጠዋት ዶሮዎቹ ላባቸውን ነፍተው፣ ዓይናቸውን ከድነው፣ ተኮራምተው ይገኛሉ። አረንጓዴ ኩስ ይጥላሉ፣ ሲተነፍሱ ያጓራሉ፣ የአንዳንዷ አንገት ይጠመዘዛል። ሳምንት ሳይሞላ ግቢው ባዶ ይሆናል። የሞቱት ገደል ይጣላሉ ወይም ውሻ ይበላቸዋል። ገና ቆመው የሚሄዱት በሚቀጥለው የገበያ ቀን እግራቸው ታስሮ ይሸጣሉ፤ በሽታውም ከገዢው ጋር ወደ ሌላ ቀበሌ ይሻገራል። በእንቁላሉ ገንዘብ ጨውና ሳሙና፣ ለልጆቿም ደብተር ትገዛ የነበረችው እናት እንደገና ከአንዲት ቄብ ትጀምራለች።

ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይ ያቺ የተጣለችው ዶሮ ናት። በአንጎሏ፣ በአየር ቧንቧዋና በጣፊያዋ ውስጥ ያለው ቫይረስ ለሚቀጥለው ክትባት ጥሬ ዕቃ ነው። በእጃችን ያለው ክትባት ይሠራ እንደሆነ የምንፈትነውም በእሱ ነው። "ከራሳችን ቫይረስ የተሠራ የራሳችን ክትባት ይኑረን" የሚለው ሐሳብ በየስብሰባው ይነሣል፤ እኔም ከልቤ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ቫይረሶቻችንን ሳንሰበስብ፣ ሳናውቃቸውና በሥርዓት ሳናስቀምጣቸው ያንን ክትባት ልናገኝ አንችልም። ከሁሉ የሚቀድመው ሥራ መሰብሰብ ነው፤ ትኩረት ያጣውም እሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብና ወደ ነገሩ ልግባ።

ፈንግልን የሚያመጣው፣ በዓለም ዘንድ የኒውካስል በሽታ ቫይረስ የሚባለው፣ ሙሉ መመሪያው አሥራ አምስት ሺህ ፊደል ገደማ ባላት የአር ኤን ኤ ክር ላይ የሰፈረ ነው። ከዚያ ሁሉ ፊደል ውስጥ ገዳዩን ከለዘብተኛው በዋናነት የሚለየው በጣም አጭር ቦታ ነው። ቫይረሱ ወደ ዶሮዋ ሴል ለመግባት በገላው ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን በዶሮዋ ኢንዛይም መቆረጥ አለበት። የለዘብተኛው ፕሮቲን የሚቆረጠው በመተንፈሻና በአንጀት አካባቢ በሚገኙ ኢንዛይሞች ብቻ ነው፤ ስለዚህ ቫይረሱ ከዚያ አያልፍም፤ ዶሮዋም ጥቂት ብታስነጥስ ነው። በገዳዩ ላይ ግን በመቁረጫው ቦታ የተደረደሩት አሚኖ አሲዶች ሌላ ናቸው፤ በየትኛውም የሰውነት ክፍል የሚገኝ ኢንዛይም ይቆርጣቸዋል። ቫይረሱም አንጎል ይደርሳል፣ ጣፊያ ይደርሳል፣ የአንጀትን ግድግዳ ያደማል። የሁለቱ የቀረው አካል ተቀራራቢ ስለሆነ ለዘብተኛውን አስቀድማ ያወቀች ዶሮ ገዳዩ ሲመጣ ትከላከለዋለች። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የፈንግል ክትባት ሠሪዎች ዋና ድካም ይህን ለዘብተኛ ዘመድ ፈልጎ ማግኘት ነበር።

የት አገኙት ስንል ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። በሽታው በሳይንስ መዝገብ የገባው በ1926 ነው፤ በዚያው ዓመት በጃቫ ደሴትና በእንግሊዟ ኒውካስል ከተማ አካባቢ ታየ። ዛሬ በመላው ዓለም፣ በእኛም አገር ጭምር፣ በውሃና በዓይን ጠብታ የምንሰጠው ላሶታ የሚባለው ክትባት ዘሩ የተገኘው በ1946 ነው፤ ኒው ጀርሲ ውስጥ አዳም ላሶታ ከሚባል ሰው የዶሮ እርሻ። ለጫጩት የምንሰጠው ሂችነር ቢ1 ደግሞ የሌላ በሽታ ቫይረስ ነው ተብሎ በላቦራቶሪ ከተቀመጠ ናሙና መካከል የተገኘ ነው። ስቲቨን ሂችነር የሚባለው ተመራማሪ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሲመረምረው የኒውካስል ቫይረስ ሆኖ አገኘው፤ ያውም ጫጩት የማይገድል። ሁለቱንም ቫይረሶች ያገኘልን አንድ ልማድ ነው። ዶሮ ሲታመም ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ላቦራቶሪውም ናሙናውን አይጥልም። ቢ1 ገና ምንነቱ በትክክል ሳይታወቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቦታ ባይሰጠው ኖሮ ዛሬ ክትባት አይሆንም ነበር።

በሌላውም የዓለም ክፍል እንዲሁ ነው። ህንዶች በሙክተስዋር በሚገኘው የምርምር ተቋማቸው ገዳይ የሆነውን የአገራቸውን ቫይረስ በእንቁላል ውስጥ ደጋግመው በማሳለፍ አዳክመው የራሳቸውን ክትባት ሠሩ። በፍልስጤም ምድር ኮማሮቭ የሚባል ተመራማሪ ያንኑ ሥራ በዳክዬ ጫጩት አንጎል ሠራው። ሁለቱም ሥራዎች በ1946 ታተሙ። እነዚህ በላቦራቶሪ የተዳከሙት ከላሶታ የበረቱ ስለሆኑ ላደገ ዶሮ እንጂ ለጫጩት አይሆኑም። የማሬክ በሽታ የተባለውን የዶሮ ነቀርሳም ብናይ፣ እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚመረጠውን ክትባት ሪስፐንስና ባልደረቦቹ በ1972 ያስተዋወቁት እዚያው ሆላንድ ውስጥ ካገኙት ለዘብተኛ ቫይረስ ነው። "የውጭ ክትባት" እያልን የምንጠራው ሁሉ የአንድ ሰው የጓሮ ቫይረስ ነበር። እነሱ የጓሯቸውን መረመሩ።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል፤ ሳልሸሽ ልመልሰው። ላሶታ ከሰማንያ ዓመት ገደማ በፊት ኒው ጀርሲ ውስጥ የተወሰደ ቫይረስ ከሆነ ዛሬ ጎጃም ውስጥ ዶሮ የሚገድለውን ፈንግል ይመክታል ወይ? የኒውካስል ቫይረሶች በዘር ሐረጋቸው ጂኖታይፕ እየተባሉ በብዙ ይከፈላሉ። ላሶታና ቢ1 ከሁለተኛው ጂኖታይፕ ናቸው። በእስያ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በብዙ የአፍሪካ አገሮች ጥፋት የሚያደርሱት ባብዛኛው ከሰባተኛው ናቸው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ መንደሮች ከዶሮ የተወሰዱ ናሙናዎች ሲመረመሩ ደግሞ ስድስተኛው ጂኖታይፕ ተገኝቷል። ክትባቱና በሽታው ዘመዳሞች ናቸው፤ ግን የቅርብ ዘመድ አይደሉም።

ይህን ሰምቶ "እንግዲያው ክትባቱ አይሠራም" የሚል ሰው ይኖራል። ተሳስቷል፤ ስሕተቱም ዶሮ ያስጨርሳል። የኒውካስል ቫይረሶች በጂኖታይፕ ቢለያዩም ለዶሮዋ መከላከያ ግን ሁሉም አንድ ወገን ናቸው፤ በአግባቡ የተከተበች ዶሮ ከየትኛውም ጂኖታይፕ ሞት ትድናለች። ልዩነቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። በ2007 የታተመ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ሥራ እንዳሳየው፣ ክትባቱ ከበሽታው ቫይረስ ጋር በዘር ሲቀራረብ ዶሮዋ ከሞት ከመዳኗም በላይ በአፏና በኩሷ የምትረጨው ቫይረስ ያንሳል። ሩቅ ዘመድ በሆነ ክትባት የዳነች ዶሮ ጤነኛ መስላ የበለጠ ትረጫለች። ጥቂት ዶሮ ላላት እናት ይህ ልዩነት ጎልቶ ላይታያት ይችላል። አሥር ሺህ ዶሮ በአንድ ጣሪያ ሥር ለያዘ፣ አጠገቡም ሌላ አሥር ሺህ ያለበት ጎረቤት ላለው የቢሾፍቱ አርቢ ግን ትልቅ ልዩነት ነው፤ ያልተከተበው ወይም ክትባቱ በደንብ ያልያዘለት ዶሮ ሁሉ የሚታመመው ከዚያ ከሚረጨው ነው።

ስለዚህ በአገር ቫይረስ የተሠራ ክትባት ለትልልቆቹ እርሻዎች እውነተኛ ጥቅም አለው። መንገዱም ተከፍቷል። ከ1999 ጀምሮ፣ በመጀመሪያ ሆላንድና ጀርመን ውስጥ፣ የኒውካስልን ቫይረስ ከጂን ቅጂው ላይ እንደገና መሥራት ተችሏል። የቻይናው ያንግዡ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚህ ዘዴ የአገራቸውን የሰባተኛውን ጂኖታይፕ ገዳይ ቫይረስ ወስደው፣ ቀደም ብዬ የነገርኳችሁን የመቁረጫ ቦታ ብቻ ለውጠው፣ የማይገድል አደረጉት። ገላው የዚያው የአካባቢ ቫይረስ ነው፤ የሄደው መግደያው ነው። እኛም የስድስተኛውን ይሁን የሌላውን ጂኖታይፕ ትክክለኛ ተወካይ በእጃችን ብንይዝ ይህ ሥራ ለኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች ሩቅ አይደለም።

ወደ መንደሩ ስንመጣ ግን ፍርዴ ይለያል። በዚህ አገር ካለው ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮ አብዛኛው የሚኖረው በገበሬ ግቢ ነው። እዚያ ፈንግል የሚገድለው ክትባቱ የሩቅ ዘመድ ስለሆነ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ክትባት የሚባል ነገር ስላልደረሰ፣ ወይም የደረሰው በመንገድ ላይ በሙቀት ስለሞተ ነው። ክትባቱ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው፤ ማቀዝቀዣ የሌለበት ጤና ጣቢያ ውስጥ አንድ ሳምንት ያሳለፈ የላሶታ ብልቃጥ ከውሃ ብዙም ላይሻል ይችላል። ባለሙያው ግን በቅን ልቡና ይሰጠዋል። ዶሮዎቹ ሲሞቱ እናቲቱ "ክትባት ነው የፈጀብኝ" ትላለች፤ ጎረቤቶቿም ከዚያ በኋላ ዶሯቸውን አያስነኩም። ይህን የጠፋ እምነት መልሶ ማግኘት ከማንኛውም የላቦራቶሪ ሥራ ይከብዳል።

ለዚህ ችግር መልስ የሰጠው ደግሞ አሁንም የአንድ አገር የአካባቢ ቫይረስ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ በዶሮዎች መካከል ማንንም ሳይገድሉ የሚዘዋወሩ የኒውካስል ቫይረሶች ነበሩ። በኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ስፕራድብሮውና ባልደረቦቹ ከእነዚህ መካከል ሙቀት የሚችለውን መርጠው አይ 2 የሚባለውን ዘር አወጡ። በቅዝቃዜ ደርቆ በጨለማ ከተቀመጠ በ28 ዲግሪ ሙቀት እስከ 8 ሳምንት ኃይሉን ይጠብቃል። አንዲት ጠብታ ዓይን ውስጥ ትበቃለች፣ ለጫጩትም ለአውራ ዶሮም መጠኑ አንድ ነው፣ በየ4 ወሩ ይደገማል። ከሁሉ የሚደነቀው ዘሩን ክትባት መሥራት ለሚችሉ ታዳጊ አገሮች በነፃ መስጠታቸው ነው። ቬትናም፣ ሞዛምቢክና ታንዛኒያ ሠሩት። ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩታችንም ከላሶታና ከቢ1 ጎን ያመርተዋል። አይ 2 በዘር ከስድስተኛው ጂኖታይፕ ሩቅ ነው። እኔ ግን ለመንደር ዶሮ ምረጥ ብባል፣ በሙቀት ከሞተ የቅርብ ዘመድ ይልቅ በሕይወት የደረሰውን የሩቅ ዘመድ እመርጣለሁ። የምመኘው ሁለቱን ያጣመረ ነው። በመንደሮቻችን ዶሮዎች ውስጥ የሚዘዋወር፣ የማይገድል፣ የራሳችንን ቆላ ሙቀት የለመደ ቫይረስ ይኖር ይሆናል። የሚያገኘው ደግሞ ከታመሙት ብቻ ሳይሆን ከጤነኞቹም ናሙና የወሰደ ሰው ነው።

አንድ ዘር ሁሉንም ሊያድን እንደሚችል ለማስረዳት ከዶሮ ለአንድ አፍታ ልውጣ። የአያቶቻችንን ከብት ጨርሶ ክፉ ቀንን ያመጣው ደስታ በሽታ በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታውጇል። ያጠፋው ክትባት ዘሩ የተወሰደው በጎረቤታችን ኬንያ፣ ካቤቴ ላይ ነው። ዋልተር ፕላውራይት በጥጃ የኩላሊት ሴሎች ላይ ዘጠና ጊዜ ያህል አሳልፎ አዳከመው። ያ አንድ የአፍሪካ ዘር ለመላው ዓለም በቃ፤ ምክንያቱም የደስታ ቫይረስ እንደ ፈንግል በመከላከያ በኩል አንድ ወገን ነው። ሙቀት እንዲችል ተደርጎ ከተሠራ በኋላ ደግሞ በ1990ዎቹ በአፋር በረሃ የአርብቶ አደሩ ልጆች ተሸክመውት ሄዱ። እዚያም የተፈታው ችግር ክትባቱን ከነሕይወቱ ማድረስ ነበር።

ሁሉም ቫይረስ ግን እንደ ደስታ አይደለም፤ የአካባቢ ዘር የግድ የሚሆነውም በእነዚያ ላይ ነው። ጉምቦሮን ተመልከቱ። በኢትዮጵያ በመጀመሪያ የተረጋገጠው በ2002 እዚሁ ቢሾፍቱ አካባቢ ነው። ይህ ቫይረስ የጫጩቷን የመከላከያ ሴሎች የሚያሳድገውን በጅራቷ ሥር ያለውን ከረጢት ያወድማል። ከሞት የተረፈችው ጫጩት ከዚያ በኋላ የሚሰጣትን የፈንግል ክትባት በሚገባ አትቀበልም። አርቢው ፈንግል ሲገባበት የፈንግሉን ክትባት ይረግማል፤ ጥፋተኛው ግን ከሳምንታት በፊት ያለፈው ጉምቦሮ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1980ዎቹ የተነሡት የጉምቦሮ ዓይነቶች ነባሩን ክትባት አልፈው ጉዳት አድርሰዋል፤ በአውሮፓ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ የተነሣው እጅግ ገዳይ ዓይነት ደግሞ ከእናት በእንቁላል የተላለፈውን መከላከያ ሳይቀር ጥሶ ገባ። ከኢትዮጵያ እርሻዎች በተወሰዱ ናሙናዎችም ውስጥ እጅግ ገዳዩ ዓይነት ተገኝቷል። የትኛው ዓይነት በየትኛው እርሻ እንዳለ ሳያውቁ ክትባት መምረጥ ጨለማ ውስጥ እንደ መዳሰስ ነው።

በወፍ ኢንፍሉዌንዛ ነገሩ ከዚህም ይብሳል፤ ለእኛም የቅርብ ትምህርት አለው። ሜክሲኮ በ1994 ኤች5ኤን2 ዓይነት ቫይረስ ገባባትና ከዚያው ቫይረስ ክትባት ሠርታ ከ1995 ጀምሮ ከተበች። በዚያን ጊዜ ከአገር ቫይረስ የተሠራ፣ በትክክል የሚገጥም ክትባት ነበር። ቫይረሱ ግን አልቆመም፣ እየተለወጠ ሄደ። በ2004 የታተመ ጥናት እንዳሳየው በእርሻዎቹ የሚዘዋወረው ቫይረስ ከክትባቱ ዘር በጣም ርቆ ስለነበር ክትባቱ ዶሮዎቹ ቫይረስ መርጨታቸውን ማስቆም ተስኖት ነበር። ከዚያ ግብጽ መጣች። በየካቲት 2006 ኤች5ኤን1 ገባባት፤ ከተጠቀመችባቸው ክትባቶች መካከል ያ የሜክሲኮ ዘር ይገኝበታል። በአባይ ዴልታ የተከተቡ መንጎች ውስጥ ቫይረሱ ተለወጠ፣ ክትባቱን የሚያመልጡ ዓይነቶች ተነሡ፣ በሽታውም ከአገሩ ሳይወጣ ቀረ። የግብጽ ተመራማሪዎች ከራሳቸው ቫይረስ ክትባት ለመሥራት የተነሡት ከዚህ በኋላ ነው። ቻይና በበኩሏ በሃርቢን በሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ምርምር ተቋም ቫይረሱ በተለወጠ ቁጥር ዘሩን ስትቀይር ኖራለች። ከዚህ የምወስደው ትምህርት፣ የአገር ዘር ራሱ እንደሚያረጅ ነው። አንድ ጊዜ ቫይረስ ይዘን፣ አንድ ጊዜ ክትባት ሠርተን፣ በዚያው የምንኖርበት ሥራ አይደለም። ዓመት ከዓመት ናሙና የማይሰበስብ አገር ከአሥር ዓመት በኋላ በራሱ አሮጌ ቫይረስ ይከትባል።

እዚህ ላይ ለመጠንቀቅም እንድትዘጋጁ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የአገር ቫይረስ ስለሆነ ብቻ የሚታመን ቫይረስ የለም። ያችው ለዘብተኛ ቫይረስ የሰጠችን አውስትራሊያ በ1998 ሲድኒ አጠገብ ገዳይ ኒውካስል ገባባት። ከውጭ መጣ ተብሎ ሲፈለግ፣ ምርመራው እዚያው አገር ሲዘዋወር የኖረ ፒትስ ሪጅ የተባለ ለዘብተኛ ቫይረስ በመቁረጫው ቦታ ጥቂት ፊደል ለውጦ ገዳይ መሆኑን አሳየ። ሁለተኛው ማስጠንቀቂያም ከዚያው አገር ነው። ላሪንጎትራኪያይቲስ ለሚባለው የመተንፈሻ በሽታ የአገር ውስጥ ክትባቶች እያሉ ከአውሮፓ ሌላ ሕያው ክትባት ገባ። የሁለቱ ወገን ቫይረሶች በዶሮ ውስጥ ተገናኝተው ጂን ተለዋወጡ፤ ከሁለት የተዳከሙ ክትባቶች ገዳይ ቫይረስ ተወለደ። በ2012 የሜልቦርን ተመራማሪዎች ይህን ገለጡት። ስለዚህ አንድን ቫይረስ ለክትባት ከመምረጣችን በፊት በአንድ ቀን ጫጩቶች አንጎል ውስጥ ተሰጥቶ ለ8 ቀን ይታያል፤ የጉዳት መለኪያው 0.7 ከደረሰ ወይም ካለፈ ቫይረሱ ገዳይ ተብሎ ይመዘገባል። ከዶሮ ወደ ዶሮ በተከታታይ እየተላለፈም ኃይሉ ይመለስ እንደሆነ ይፈተናል። የተመረተውንም ክትባት አምራቹ ያልሆነ ሌላ ዓይን ማየት አለበት። በዚህ በኩል ዕድለኞች ነን፤ የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ጥራት ማረጋገጫ ማዕከል ፓንቫክ መቀመጫው እዚሁ ቢሾፍቱ ነው። አምራቹም፣ ፈታኙም፣ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁም፣ ትልልቆቹ እርሻዎችም በአንዲት ከተማ ውስጥ ይገኛሉ። በአህጉራችን ይህን የመሰለ ቦታ ብዙ አይደለም።

አንዲት ናሙና ብልቃጥ እስክትሆን ምን ታልፋለች? ከሞተችው ዶሮ የተወሰደው አንጎልና ጣፊያ ተፈጭቶ፣ ተጣርቶ፣ ከ9 እስከ 11 ቀን የሆነ ጽንስ በያዘ እንቁላል ውስጥ ይገባል። ቫይረስ ካለ ጽንሱ ይሞታል ወይም ፈሳሹ የዶሮን ቀይ የደም ሴሎች ያጓጉላል። ከዚያ ፊደሉ ይነበባል፣ ጂኖታይፑ ይለያል። እንቁላሉ ከተራ እርሻ የሚገዛ አይደለም፤ ሌላ ቫይረስ ከያዘ ክትባቱ ራሱ በሽታ አከፋፋይ ይሆናል። ስለዚህ ከተወሰኑ በሽታዎች ነፃ ሆነው ከሚጠበቁ ዶሮዎች የተገኘ መሆን አለበት፤ ውድ ነው። ፈተናውን ያለፈው ቫይረስ ዋናው ዘር ተብሎ በብዙ ብልቃጥ ይቀመጣል። ገበሬ ለዘር የለየውን ጤፍ ለእንጀራ እንደማያነሣው ሁሉ ይህም ለዕለት ምርት አይነካም፤ ከእሱ የሥራ ዘር ይወጣል፣ ከሥራው ዘር ክትባቱ። እንደ አይ 2 ባለ ክትባት አንዲት ዶሮ ቢያንስ 1 ሚሊዮን ሕያው ቫይረስ ማግኘት አለባት። ይህ ሁሉ ዓመታት ይወስዳል። በሽታው ከገባ በኋላ የሚጀመር ሥራ አይደለም።

አሁን ወደ ልመናዬ ልግባ። የወረዳ ክሊኒክ ናሙና የማይልከው ባለሙያው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። የበረዶ ሣጥን የለውም፣ ናሙና ማቆያ ፈሳሽ የለውም፣ የትራንስፖርት አበል የለውም፤ ልኮም ቢሆን መልስ ስለማይመጣለት ልቡ ደክሟል። እነዚህ ርካሽ ነገሮች ናቸው፤ ከአንድ የላቦራቶሪ መሣሪያ ዋጋ ጋር አይወዳደሩም። ለእያንዳንዱ የዶሮ ክትባት ፕሮጀክት ከሚመደበው ገንዘብ ላይ ለናሙና መሰብሰቢያ የሚሆን ድርሻ አስቀድሞ ይቆረጥ፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት ክሊኒኩ ይድረሰው። የተሰበሰበው ቫይረስ ቀበሌው፣ ቀኑ፣ የዶሮዋ ዓይነትና የተከተበች መሆን አለመሆኗ ተጽፎበት ይቀመጥ። ተማሪ ለመመረቂያ ጥናቱ የሰበሰበው ቫይረስ ጥናቱ ሲያልቅ አብሮ አይጥፋ፤ ወደ አንድ የጋራ ክምችት ይግባ። ስንት ድካም የፈሰሰበት ናሙና መብራት በጠፋ ቁጥር ማቀዝቀዣ ውስጥ እየቀለጠ እንደሚባክን ከእናንተ መካከል የሚያውቁት ብዙ ናችሁ።

የእንስሳት ጤና ተማሪዎች፣ አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ዶሮ ሞተብኝ ብላ ከምትመጣ እናት ፊት ስትቆሙ ከመድኃኒቱ በፊት ጠይቋት፤ ስንት ሞተ፣ መቼ ጀመረ፣ ከገበያ የገባ ዶሮ ነበር ወይ፣ ክትባቱ መቼ ተሰጠ፣ ብልቃጡ የት ነበር የተቀመጠው። ያልታመሙትን እንዳትሸጥ፣ የሞቱትንም እንድትቀብር ንገሯት፤ ግን ከመቅበሯ በፊት ናሙናውን ውሰዱ። ውጤቱ ሲመጣም ደውሉላት። ናሙና የሰጠ ሰው ውጤቱን የመስማት መብት አለው።

ከእናንተ ከእርሻ ባለቤቶች የምለምነው ደግሞ ከሁሉ የሚከብደውን ነው። በሽታ ሲገባባችሁ ለምን እንደምትደብቁ አውቃለሁ። እርሻው እንዳይዘጋ፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ፣ ባንክ እንዳይደነግጥ ነው። ይህን ፍርሃት በምክር ብቻ ማስወገድ አይቻልም፤ መንግሥት በሽታን አስቀድሞ ለሚያሳውቅ አርቢ ካሣ የሚከፈልበትን ሥርዓት ሊዘረጋ ይገባል፤ እኔም በዚህ በኩል አብሬያችሁ እጮኻለሁ። እስከዚያው ግን ናሙና በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ሊመዘገብ ይችላል፤ የእርሻው ማንነት በሕግ ማወቅ ከሚገባው አካል ውጭ እንዳይወጣ ማድረግም ይቻላል። ማኅበራችሁ ከኢንስቲትዩቱና ከኮሌጁ ጋር በዚህ ላይ ቢስማማ የመጀመሪያዎቹን ናሙናዎች ለመረከብ የሚቀጥለውን ክረምት መጠበቅ አያስፈልግም።